ቮትቢልደርና ሚኒቫን፦ ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩ ማን እንደሆነ እወቁ

አሜሪካ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት በአሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) ወይም በሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) ለአንድ ዴሞክራት ዕጩ በር ሊያንኳኳ የመጣ በጎ ፈቃደኛ እጁ ላይ የሚገባው ሁለት ነገር ነው፤ አንድ እቅፍ በራሪ ወረቀትና መሃሉ ላይ ሰረዝ ያለበት ረጅም ቁጥር። ቁጥሩን ሚኒቫን በሚባለው አፕ ሲያስገባ ካርታ ይከፈትለታል፤ የሚሄድባቸው ቤቶች ተነጥበው ይታያሉ፤ አንዱን ቤት ሲነካ የመራጮቹ ስም፣ ዕድሜና የሚጠየቁት ጥያቄ ይወጣል። ያ ሁሉ የሚቀዳው ቮትቢልደር ከሚባለው የመራጮች መዝገብ ነው። ይህ ግምገማ ስለ ሁለቱ ሲሆን፣ የተጻፈውም ለከተማ ምክር ቤት፣ ለትምህርት ቦርድ ወይም ለስቴት ምክር ቤት ለመወዳደር ለሚያስቡ ወገኖችና ዘመቻቸውን ለሚያስተባብሩላቸው ሰዎች ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ፍርዱን አስቀድመን እንስጥ። ሶፍትዌሩ ጠንካራ ነው፤ ለዴሞክራት ዕጩ ከዚህ የተሻለ መነሻ ማግኘት ይከብዳል። አገልግሎቱ ግን ከስቴት ስቴት እጅግ ይለያያል። አንዱ ጋ በሁለት ቀን የሚከፈተው መግቢያ ሌላው ጋ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ አንዱ ጋ መዝገቡ በየጊዜው ይታደሳል፣ ሌላው ጋ ከሞቱ ዓመት የሆናቸው ሰዎች በር ይንኳኳል። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ሻጩ የስቴቱ ፓርቲ ነው። ዋጋውን የሚቆርጠው፣ ማን ይግባ ማን ይቅር የሚለው፣ ሲበላሽ ስልክ የሚያነሳው እሱ ነው። ዋሽንግተን ያለው የዴሞክራቲክ ብሔራዊ ኮሚቴ፣ በአጭሩ ዲኤንሲ፣ የመደብሩን ቤት ይከራያል እንጂ ባንኮኒው ላይ አይቆምም።

ባለቤቱ ማን ነው?

ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው ፓርቲ ሲባል ወዲያው የሚታየው ከማዕከል ወደ ታች የሚወርድ መመሪያ ነው። ዲሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት የሚባለውን አሠራር ያየ ሁሉ የቨርጂኒያን ወይም የሚኒሶታን ፓርቲ የዋሽንግተን ቅርንጫፍ አድርጎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የስቴት ፓርቲ የራሱ መተዳደሪያ ደንብ፣ የራሱ የባንክ ሒሳብ፣ በራሱ ጉባኤ ወይም ኮሚቴ የተመረጠ ሊቀመንበር ያለው ራሱን የቻለ ድርጅት ነው፤ ለፌዴራል ምርጫ ኮሚሽንም የገንዘብ ሪፖርቱን የሚያቀርበው በራሱ ስም ነው። ዋሽንግተን ሊቀመንበሩን አትሾመውም፣ አትሽረውም። እንዲያውም ብሔራዊ ኮሚቴው የሚዋቀረው ከስቴቶቹ ነው፤ የስቴቱ ሊቀመንበርና ከእሱ ቀጥሎ ያለው ከፍተኛ ሹም በማዕረጋቸው የዲኤንሲ አባል ይሆናሉ፣ ሌሎቹ መቀመጫዎች ደግሞ በአብዛኛው እንደ ስቴቱ የሕዝብ ብዛት ይደለደላሉ። ስሙ ራሱ ይመሰክራል፤ በሚኒሶታ ፓርቲው ከ1944 ጀምሮ የሚጠራው ዴሞክራቲክ ፋርመር ሌበር፣ በሰፊው ዲኤፍኤል ተብሎ ነው። ዋሽንግተን ስሙን አስተካክል ያለችው የለም።

የሪፐብሊካኑ ብሔራዊ ኮሚቴ ደግሞ ለአገራችን ሰው ይበልጥ የሚገባ ቅርጽ አለው። ከ50ው ስቴት፣ ከዲሲና ከአምስቱ ግዛቶች፣ ከእያንዳንዱ እኩል 3 ሰው፣ በድምሩ 168 አባላት። ዋዮሚንግም ቴክሳስም 3 ነው። በኢሕአዴግ ምክር ቤት አራቱ ድርጅቶች የሕዝባቸው ብዛት ሳይታይ 45፣ 45 መቀመጫ ይይዙ የነበረውን የሚያስታውስ ሰው ይህን አይቶ አይደነቅም። ልዩነቱ ያለው ከመቀመጫው ኋላ ነው፤ እዚህ የስቴቱ ድርጅት «አልፈልግም» ብሎ መሄድ ይችላል።

ብሔራዊ ፓርቲው በስቴቱ ላይ ያለው እውነተኛ ጉልበት በአንድ ቦታ ይጠባል፤ ለፕሬዚዳንት ዕጩ መምረጫ ጉባኤ የሚመጡትን ልዑካን መቀበል ወይም አለመቀበል ላይ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1981 በዊስኮንሲን ጉዳይ፣ ብሔራዊ ፓርቲው የስቴት ሕግ ያዘዘውን የልዑካን አመራረጥ እንዲቀበል አይገደድም ብሏል። ፍሎሪዳና ሚሺጋን በ2008 ምርጫቸውን ከተፈቀደው ቀን ቀድመው በማካሄዳቸው ልዑካናቸው የተከለከሉት በዚያው ሥልጣን ነው፤ በኋላ ግን ተመልሶላቸዋል። በመራጮች መዝገብ ላይ እንዲህ ያለ ዱላ የለም። ስለዚህ የስቴታችሁ ፓርቲ አጉላላን ብላችሁ ዋሽንግተን ብትደውሉ «ወደ ስቴቱ ሂዱ» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ፤ መልሱም ትክክል ነው።

ዕቃው እንዴት ተሠራ

ይህን ሳያውቁ መግዛት በኋላ ለብዙ ግራ መጋባት ይዳርጋልና ትንሽ እንቆይበት። እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የመራጮች ዝርዝር በብዙ ስቴት በየካውንቲው ተበታትኖ የሚቀመጥ ነበር፤ የስቴት ፓርቲዎች ከየካውንቲው እየለቀሙ፣ እየተየቡ፣ ስልክ እየፈለጉ የየራሳቸውን መዝገብ ሠሩ። ላባቸው የፈሰሰበት ንብረታቸው ነው። በ2002 የወጣው የፌዴራል ሕግ እያንዳንዱ ስቴት አንድ ወጥ የኮምፒውተር መዝገብ እንዲኖረው አዘዘ፤ የመጨረሻው የጊዜ ገደብም ጥር 1 ቀን 2006 ነበር። በዚያው ሰሞን፣ በ2005፣ ሃዋርድ ዲን የዲኤንሲ ሊቀመንበር ሆኖ የ50 ስቴት ስልት የተባለውን ጀመረ፤ ዴሞክራቶች ተስፋ በቆረጡባቸው ስቴቶች ጭምር ደመወዝተኛ ሠራተኛ አስቀመጠ። በ2007 ደግሞ ቫን ከሚባል የሶፍትዌር ኩባንያ ጋር ተዋውሎ ቮትቢልደርን በየስቴቱ ዘረጋ።

ውሉ በአጭሩ እንዲህ ነው። ስቴቱ መዝገቡን ይሰጣል፤ ዲኤንሲ ያጸዳዋል፣ የፖስታ ቤቱን የአድራሻ ለውጥ ያስገባበታል፣ ስልክና የገበያ መረጃ ይጨምርበታል፣ ለእያንዳንዱ መራጭ ከ0 እስከ 100 የሚሰጠውን የድጋፍና የመምረጥ ዕድል ግምት ይሠራለታል፤ ከዚያ መልሶ ለስቴቱ ያስረክባል። ዲኤንሲ ከ50 ስቴት የተሰበሰበ አንድ ብሔራዊ መዝገብ ያገኛል፣ ስቴቱ ብቻውን ሊገዛው የማይችለውን ሶፍትዌርና ግምት ያገኛል። ሶፍትዌሩን የሚሠራው ያው ኩባንያ፣ በአሁኑ ስሙ ኤንጂፒ ቫን፣ ዛሬ ቦንቴራ በሚባል ኩባንያ ሥር ነው፤ ማለትም የመዝገቡ ባለቤት አንድ፣ የመድረኩ ከፋይ ሌላ፣ የሶፍትዌሩ ባለቤት ሦስተኛ። አንድ ነገር ሲበላሽ ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚጠፋው ለዚህ ነው።

ይህ ንብረት ምን ያህል እንደሚያጣላ ሁለት ጊዜ በአደባባይ ታይቷል። በታኅሣሥ 2015 አንድ የሶፍትዌር እድሳት በሁለት የፕሬዚዳንት ዕጩዎች መካከል ያለውን ግድግዳ ለአጭር ጊዜ ስለከፈተው የሳንደርስ ዘመቻ ሠራተኞች የክሊንተንን መረጃ አዩ። ዲኤንሲ የሳንደርስን መግቢያ ዘጋ፤ ዘመቻው ፍርድ ቤት ሄደ፤ ብዙም ሳይቆይ ተከፈተላቸው። ለእናንተ ትምህርቱ ቀላል ነው፤ መግቢያው በአንድ ውሳኔ ሊዘጋ ይችላልና የራሳችሁን የድጋፍ ዝርዝር በየሳምንቱ አውጥታችሁ አስቀምጡ።

ሁለተኛው ጠብ ይበልጥ ይመለከተናል። በ2018 መጨረሻ የዲኤንሲው ሊቀመንበር ቶም ፔሬዝ የስቴቶቹ መዝገብ ለትርፍ በተቋቋመ አዲስ የመረጃ ድርጅት በኩል ከውጭ ወዳጅ ድርጅቶች ጋር እንዲለዋወጥ ሐሳብ አቀረበ። የስቴት ፓርቲዎቹ ማኅበር መሪ፣ የሚኒሶታው ኬን ማርቲን፣ በብርቱ ተቃወመ። ስቴቶቹ ከመዝገቡ ሌላ በእጃቸው ዋጋ ያለው ነገር የላቸውም፤ ለዕጩዎች ሲሸጡት ገቢያቸው ነው። በ2019 መጀመሪያ ታረቁና ሃዋርድ ዲን የሚመራው ዴሞክራቲክ ዳታ ኤክስቼንጅ ተቋቋመ። ያው ኬን ማርቲን በየካቲት 2025 የዲኤንሲ ሊቀመንበር ሆኖ ተመርጧል። በዚያው ዓመት ዲኤንሲ ለእያንዳንዱ ስቴት ፓርቲ የሚሰጠው የወር ድጎማ ከ12,500 ወደ 17,500 ዶላር ከፍ አለ፤ ሪፐብሊካን ለበረቱባቸው ስቴቶች ደግሞ 5,000 ተጨምሮ 22,500 ሆነ።

ስለ ድጎማው ይህን ያህል የተናገርነው ለወሬ አይደለም። 17,500 ዶላር በዓመት 210,000 ይሆናል፤ የአንድ ዳይሬክተር፣ የአንድ የመረጃ ኃላፊና የአንድ አስተባባሪ ደመወዝ ከነጥቅማጥቅሙ ሲከፈል ያልቃል። በትናንሽ ስቴት ፓርቲዎች ቮትቢልደርን የሚያስተዳድረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ከምርጫ በኋላ ሥራ ከለቀቀ፣ እስኪተካ ድረስ መዝገቡ አይታደስም፣ ኢሜይላችሁም አይመለስም። ስትገዙ «የመረጃ ኃላፊያችሁ ማን ነው? ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከዋጋው በላይ ይነግራችኋል።

አገዛዙ

የስቴታችሁን ፓርቲ የቮትቢልደር ወይም የቫን አስተዳዳሪ ፈልጉ፤ ብዙዎቹ ድረ ገጻቸው ላይ ለዕጩዎች የሚሆን የማመልከቻ ቅጽ አላቸው። ቅጹ የምትወዳደሩበትን መቀመጫ፣ የዘመቻችሁን ሕጋዊ ስምና የገንዘብ ያዡን ስም ይጠይቃል። ስለዚህ መጀመሪያ የዘመቻ ኮሚቴያችሁን በሕጉ መሠረት ማስመዝገብና የባንክ ሒሳብ መክፈት ይቀድማል፤ ይህን ሳይጨርሱ ማመልከት የሳምንታት መዘግየት ዋና ምክንያት ነው። ቀጥሎ የመረጃ አጠቃቀም ውል ትፈርማላችሁ፣ ትከፍላላችሁ፣ ከዚያ የእናንተን የምርጫ ክልል ብቻ የሚያሳይ መግቢያ ይከፈታል። ዋጋው እንደ መቀመጫው ይለያያል፤ ለከተማ ምክር ቤት ዝቅ ያለ፣ ለገዥነት ከፍ ያለ ነው። የካውንቲው ፓርቲ አስቀድሞ ከፍሎ ለዕጩዎቹ በነጻ የሚያድልባቸው ቦታዎች ስላሉ ለስቴቱ ከመክፈላችሁ በፊት ካውንቲውን ጠይቁ።

ውሉ ላይ ሦስት ነገር ጣታችሁን አስቀምጣችሁ አንብቡ። አንደኛ፣ መግቢያው የሚዘጋው መቼ ነው፤ በቅድመ ምርጫው (ፓርቲው ዕጩውን በሚለይበት ምርጫ) ማግስት ነው ወይስ በኅዳር፣ ከዋናው ምርጫ በኋላ? ሁለተኛ፣ እናንተ በር አንኳኩታችሁ ያገኛችሁት መልስ ከምርጫው በኋላ የማን ይሆናል? በአብዛኛው ለስቴቱ ፓርቲ ይቀራል፣ የሚቀጥለውም ዕጩ ያየዋል። ሦስተኛ፣ በቅድመ ምርጫ በወንበር ላይ ያለን ሰው የሚገዳደር ዕጩ መግዛት ይችላል ወይ? ይህ የሚወሰነው በስቴቱ ፓርቲ ነው። በ2016 የፍሎሪዳው ፓርቲ የያኔዋን የዲኤንሲ ሊቀመንበር ለሚገዳደር የኮንግረስ ዕጩ መዝገቡን ከልክሎ፣ ጩኸቱ ሲበዛ ፈቅዷል። ከአገራችን ሰው የሚወዳደረው አብዛኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ወንበሩን ለዓመታት ከያዘ ሰው ጋር ነው። ስለዚህ ይህን ጥያቄ በጽሑፍ ጠይቃችሁ በጽሑፍ መልስ ያዙ።

ሚኒሶታ ላይ ደግሞ ሌላ እርከን አለ። ዲኤፍኤል ከቅድመ ምርጫ በፊት በጉባኤ ድጋፍ ይሰጣል፤ ድጋፉን ለማግኘት የልዑካኑ 60 በመቶ ያስፈልጋል። የከተማው ቅርንጫፍ የሰጠውን የስቴቱ ፓርቲ ሊሽረው እንደሚችልም በነሐሴ 2025 ታይቷል፤ የሚኒያፖሊስ ከተማ ጉባኤ ለከንቲባ ዕጩ ለኦማር ፋቴህ የሰጠው ድጋፍ በድምፅ አሰጣጡ ላይ በታየ ጉድለት ምክንያት በስቴቱ ፓርቲ ተሰርዟል። እንደዚህ ባለ ስቴት የመዝገቡ መግቢያ ከጉባኤው ውጤት ጋር ይያያዝ እንደሆነ አስቀድሞ ማጣራት ግድ ነው።

ሥራ ላይ ሲውል

ቮትቢልደር ሁለት ክፍል አለው፤ «ማይ ቮተርስ» እና «ማይ ካምፔን»። የመጀመሪያው የፓርቲው የመራጮች መዝገብ ነው። ሁለተኛው የእናንተ የራሳችሁ ደብተር ነው፤ በጎ ፈቃደኞቻችሁ፣ ግቢያቸው ላይ ሰሌዳ የሚተክሉላችሁ፣ ስብሰባ የመጡት እዚያ ይገባሉ። ጀማሪ ዘመቻዎች ሁሉን ነገር ማይ ቮተርስ ላይ እየመዘገቡ በመጨረሻ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ።

ዝርዝር ስትሠሩ «ክሪኤት ኤ ኒው ሊስት» ውስጥ ገብታችሁ የምርጫ ታሪክ፣ የግምት ነጥብ፣ ዕድሜ፣ አድራሻ እያላችሁ ታጣራላችሁ። ትልቁ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው፤ በተለይ ለኛ ማኅበረሰብ። አማካሪ ሁሉ የሚመክረው «ካለፉት አራት ቅድመ ምርጫዎች በሁለቱ የመረጡትን ብቻ አውጡ» የሚል ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ ጥሩ ነው፤ ግን ባለፈው ዓመት ዜግነት ወስዶ የተመዘገበ ኢትዮጵያዊ ወይም ኤርትራዊ የምርጫ ታሪክ የለውም፤ ማጣሪያው አንድም ሳያስቀር ይጥለዋል። መፍትሔው ሁለት ዝርዝር መሥራት ነው፤ አንዱ በምርጫ ታሪክ፣ ሌላው ባለፉት ሁለት ዓመታት የተመዘገቡትን በምዝገባ ቀን። ሁለተኛው ዝርዝር ለዘመቻችሁ አዲስ ድምፅ የሚያመጣው ነው፤ ሌላው ዕጩ አያንኳኳቸውም።

የግምት ነጥቡንም እንደ ቃለ መሐላ አትውሰዱት። በሜሪላንድና በዲሲ መራጩ ሲመዘገብ ፓርቲውን ስለሚናገር ነጥቡ የሚቆምበት መሬት አለው። በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታ፣ በቴክሳስ፣ በጆርጂያና በዋሽንግተን ስቴት ግን የፓርቲ ምዝገባ የለም፤ «ዴሞክራት» የሚለው ነገር ከሌላ መረጃ የተገመተ ነው። ዘርም እንዲሁ ነው። ጆርጂያ ሲመዘገቡ ትጠይቃለች፤ ቨርጂኒያ አትጠይቅም፤ ስለዚህ በአርሊንግተን «ጥቁር» የሚለውን ማጣሪያ ተጭናችሁ የሐበሻን ሰፈር እናገኛለን ማለት በግምት ላይ ግምት መደረብ ነው።

ስማችን በመዝገቡ ውስጥ የሚደርስበትን ነገር ቀረብ ብለን እንየው። ሥርዓቱ «የመጨረሻ ስም» የሚለው የአባት ወይም የአያት ስም ነው። ባል፣ ሚስትና ልጅ አንድ ቤት እየኖሩ ሦስት የተለያየ የመጨረሻ ስም ይኖራቸዋል፤ በመጨረሻ ስም ቤተሰብ የሚሰበስብ ማንኛውም የፖስታ ዝርዝር አንድን ቤት ሦስት አድርጎ ይቆጥራል፣ የፖስታ ወጪያችሁም በዚያው ልክ ያድጋል። ፖስታ ስታዘጋጁ ቤቱ በአድራሻ እንዲጠቃለል አድርጉ። አጻጻፉ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። «ወልደሚካኤል» ተያይዞም ተለያይቶም ይጻፋል፤ ሲለያይ «ወልደ» መካከለኛ ስም ይሆንና «ሚካኤል» ብቻውን መጨረሻ ላይ ይቀራል። «ፀሐይ» በላቲን ፊደል በ«ቲ» ሊጀምር ይችላል፣ በ«ኤስ»ም። የ«ቀ» ድምፅ በ«ኬ»ም በ«ኪው»ም ይገባል። «ክዊክ ሉክ አፕ» ላይ ሙሉ ስም ጽፋችሁ «የለም» ቢላችሁ አትመኑት፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፊደላት ብቻ ከትውልድ ዘመን ወይም ከመንገዱ ስም ጋር አስገቡ። እንዲህ ሲፈለግ «አልተመዘገቡም» የተባሉ ብዙ እናቶችና አባቶች መዝገቡ ላይ ይገኛሉ።

ዝርዝሩ ካለቀ በኋላ «ከት ተርፍ» የሚለው ካርታውን በየሰፈሩ መቁረጫ ነው። ለሁለት ሰዓት ተኩል ፈረቃ ከ40 እስከ 50 በር በቂ ነው፤ ተራርቀው በተሠሩ ቤቶች ወደ 30 ዝቅ አድርጉ። ሰፊውን አውራ ጎዳና መሃል ላይ አታድርጉ፤ አንድ ሰው በስድስት መስመር መንገድ ሲመላለስ ሰዓቱ ያልቃል። የዝርዝሩ ቁጥር ለ30 ቀን ብቻ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ እንደገና ማውጣት ነው።

ሚኒቫን ላይ ውጤት ሲመዘገብ ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስላል፣ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። «ኖት ሆም» ቤት አልተገኘም ማለት ነው፣ ስለዚህ ያ በር በሚቀጥለው ዙር ይመለሳል። «ኢንአክሰሲብል» መግባት አልተቻለም ማለት ነው። አሌክሳንድሪያና ሲያትል የኛ ሰው በብዛት የሚኖርባቸው ረጃጅም አፓርትመንቶች የውጭ በራቸው ተቆልፎ ነው የሚውለው፤ ቁልፉ ፊት የቆመ በጎ ፈቃደኛ 48ቱን ቤት «ኖት ሆም» ብሎ ካለፈ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ሰው ያንኑ ሕንፃ ይላካል፣ እሱም ደጅ ቆሞ ይመለሳል። «ኢንአክሰሲብል» ተብሎ ቢሆን ኖሮ አስተባባሪው ሕንፃውን ለይቶ በስልክ ወይም ውስጥ በሚኖር ሰው በኩል ይሞክር ነበር። «ሪፊውዝድ» የሚለውን ደግሞ አናግሮ እንቢ ላለ ብቻ አድርጉት፤ «አሁን ልጅ እያበላሁ ነው» ያለች እናት እንቢ አላለችም።

ድጋፉ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 5 ይመዘገባል፤ 1 ጽኑ ደጋፊ፣ 3 ያልወሰነ፣ 5 ጽኑ ተቃዋሚ። በኛ ባህል ደጅ የመጣን እንግዳ ፊት ለፊት «አልመርጥህም» የሚል ሰው ጥቂት ነው። «እግዜር ይርዳችሁ ልጆቼ» የሚለው መልስ ምርቃት እንጂ 1 አይደለም፤ «በቅድሚያ ነው በምርጫው ቀን የሚመርጡት?» ብላችሁ ጠይቁና ቀን ከጠቀሱ 1 ወይም 2፣ ካልጠቀሱ 3 አድርጉ። አለዚያ የምርጫው ቀን ቆጠራችሁ ሌላ፣ የሳጥኑ ሌላ ይሆናል።

አፕ ኢንተርኔት በሌለበት ይሠራል፤ ነገር ግን ውጤቱ ወደ ቮትቢልደር የሚሄደው «ሲንክ» ሲደረግ ነው። ፈረቃው ሲያልቅ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ሲንክ ሳያደርግ ከቢሮ አይውጣ። ስልክ ሲጠፋ ወይም አፑ ሲሰረዝ ያልተላከው ሥራ ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

ማን ሊሠራበት ይችላል?

ዜጋ ያልሆነ ሰው፣ የጊዜያዊ ጥበቃ ወይም የጥገኝነት ጉዳይ ያለውም ጭምር፣ ያለ ክፍያ በር ማንኳኳትና ስልክ መደወል ይችላል፤ ግሪን ካርድ ከሌለው ግን በዘመቻው ውሳኔ ላይ አይገባም። ገንዘብ መስጠት የሚችሉት ዜጋና ግሪን ካርድ ያለው ብቻ ናቸው። በሐበሻ ምግብ ቤት የሚደረግ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ላይ ይህን በአማርኛ ጽፋችሁ በር ላይ ለጥፉ፤ ሳህን ሲዞር ሁሉም ሰው እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታልና። የመራጭ ምዝገባ ቅጽ ይዛችሁ ከወጣችሁ ደግሞ ስለ ዜግነቱ እርግጠኛ ያልሆነን ሰው ፈጽሞ አታስፈርሙ፤ ዜጋ ያልሆነ ሰው መመዝገቡ የስደተኝነት ጉዳዩን ሊያበላሽበት ይችላል።

ለፓርቲ ገንዘብ የምትሰጡ ከሆነም የት እንደሚውል እወቁ። በ2025 እና በ2026 አንድ ሰው ለስቴት ፓርቲ የፌዴራል ሒሳብ በዓመት እስከ 10,000፣ ለብሔራዊ ኮሚቴ እስከ 44,300 ዶላር መስጠት ይችላል። የአንድ ፓርቲ ብሔራዊና የስቴት ኮሚቴዎች እርስ በርስ ያለ ገደብ ማስተላለፍ ይችላሉ። በ2016 ከ30 በላይ የስቴት ፓርቲዎች በገቡበት የክሊንተን የጋራ ማሰባሰቢያ፣ ለስቴቶቹ የተላከው ብዙው ገንዘብ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ዲኤንሲ ተዛውሯል። ሕጋዊ ነው፤ ግን ገንዘባችሁ የቨርጂኒያን መዝገብ እንዲያጸዳ ከፈለጋችሁ በጋራ ቋቱ ሳይሆን በቀጥታ ለስቴቱ ፓርቲ ስጡ።

በሪፐብሊካን በኩል የሚወዳደሩ አንባቢዎች ሌላ መንገድ አላቸው። ብሔራዊ ኮሚቴያቸው በ2011 ከተቋቋመው ዳታ ትረስት ከሚባል የመራጮች መረጃ ድርጅት ጋር ይሠራል፤ መዝገቡም ይበልጥ ከማዕከል የሚመራ ነው። ጥቅሙ ጥራቱ ከስቴት ስቴት ብዙም አለመራራቁ ነው። በየትኛውም ፓርቲ መዝገቡን ማግኘት ያልቻለ ዕጩ ጥሬውን ዝርዝር ከመንግሥት መጠየቅ ይችላል፤ ኦሃዮና ሰሜን ካሮላይና በነጻ ከድረ ገጽ ያስወርዳሉ፣ ሌሎቹ ያስከፍላሉ ወይም ማን እንደሚወስደው ይገድባሉ። የግምት ነጥብ አይኖረውም፣ ስልክም ላይኖረው ይችላል፤ ለአንድ የትምህርት ቦርድ ቀጠና ግን ከበቂ በላይ ነው።

አንድ የመጨረሻ ሥራ። ከምርጫው ቀን ሁለት ሳምንት በፊት ማይ ካምፔን ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ በጎ ፈቃደኛውን፣ ሰሌዳ የወሰደውን፣ ስብሰባ የመጣውን፣ ወደ ሰንጠረዥ ፋይል አውጥታችሁ በሁለት ሰው እጅ አስቀምጡ፤ በምርጫው ማግስትም እንደገና አውጡ። መግቢያው በውሉ ቀን ይዘጋል፤ ከተዘጋ በኋላ የስቴቱ ፓርቲ ሠራተኛ ለእረፍት ወጥቶ ቢሆን የሚከፍትላችሁ የለም።